የበረዶ ጎማና አማቼ አንሙት

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት የገዛ ጎማዎቼ ሲነዱ በሚሰጡት ብርሃን ጫማዬን አስሬ ነው። ጎማ ሲቃጠል ያየ ያውቀዋል፤ ውሃ አያጠፋውም፣ አፈር አያፍነውም፣ ጭሱ እየተጠቀለለ ሽቅብ ይወጣል። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጎማ ቤቴ ከነኮምፕሬሰሩ፣ ከጀርባው ያለው መኖሪያዬም ከነአልጋው ሲነድ እኔ ደጅ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ጥፋቴ ጎማ መጠገኔ ነው። ቀን ቀን አንደኞቹ ታጣቂዎች መኪና ያመጣሉ፣ እጠግናለሁ፤ ማታ ማታ ሌሎቹ ያመጣሉ፣ እጠግናለሁ። ያን ሌሊት መጥተው እሳቱን የለኮሱት፣ ለእነዚያ ለምን ሠራህላቸው ብለው ጠየቁኝ። የተነፈሰ ጎማ ይዞ የመጣ ሁሉ ደንበኛዬ ነው አልኳቸው። በገዛ የጎማ ማውጫ ብረቴ ቀኝ ጆሮዬ ላይ መቱኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጆሮ አልሰማም። አንደኛው ጠመንጃውን ደቅኖ ዙር አለኝ፣ ዞርኩ። ጥይቱ እግሬ ሥር ያለውን መሬት መታው፤ ከዚያ እየሳቁ ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይቀር ነበር። እኔ ደሜን በጋቢዬ ጠርጌ አጠገቤ የተቀመጠችውን ባለቤቴን ስንዱን ተነሽ አልኳት።

ስሜ ደምሌ ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ጎሚስታው አያ ደምሌ ስትሉት የማያውቀኝ ሹፌር ካለ ሹፌርነቱን እጠራጠራለሁ። ጎማ ከመጠገኔ በፊት ብዙ ዘመን ነድቻለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ እንግሊዝኛም የተማርኩት ጎማ ጎን ላይ ከተጻፈው ነው። መጀመሪያ ያወቅኋቸው ቃላት "ማክስ ሎድ" እና "ሜድ ኢን" ናቸው። ዛሬ ካናዳ ተቀምጬ ይህን የምጽፈው ስለ በረዶ ጎማ ከእኔ የተሻለ አድርጎ በአማርኛ የሚነግራችሁ ስለሌለ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ታሪኩ ሲደርስበት እነግራችኋለሁ።

በደምበጫ በኩል ያለው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ጎህ ሲቀድ አንድ ወዳጄ አይሱዙ ላይ፣ ከበቆሎ ጭነቱ ጋር ተሳፍረን ወደ ቡሬ ዞርን። ልጄ ጥሩወርቅ ካናዳ ሆና ለሁለታችንም ቪዛ አስጨርሳ ነበር። የእኔ ፓስፖርት እንደ ሹፌር ልማዴ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ኮት ኪሴ ውስጥ ያድራል። የስንዱ ግን ሳጥኗ ውስጥ ነበርና ከቤቱ ጋር አመድ ሆነ። ስለዚህ ማንኩሳ ስንደርስ መኪናውን አስቁሜ የአማቻችን የአንሙት እናት፣ እታለም ይታይሽ ቤት አወረድኳት። ይታይሽ ባሏ የሞተባት፣ እርሻዋን ራሷ የምታሳርስ ብርቱ ሴት ናት። አንሙት አንድ ልጇ ነው፤ ጥሩወርቅን አግብቶ ካናዳ ይኖራል። "ስንዱዬ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ደጅ አታድሪም" ብላ ከእሳቱ ያተረፈችውን ጆንያ ከእጇ ተቀበለቻት። ስንዱ አላለቀሰችም። ፓስፖርቱ ሲወጣ እመጣለሁ፣ አንተ ብቻ ጆሮህን ታከም አለችኝ።

ቡሬ መግቢያ ያለው ኬላ ላይ ደሜን አይተው ማን መታህ አሉኝ። በየትኛው መልስ ድጋሚ እንደምመታ ስላላወቅሁ፣ ክሪክ ወድቆብኝ ነው አልኩ።

"ክሪክ ጆሮ ላይ እንዴት ይወድቃል?" አለ ጠባቂው።

"ከመኪና ሥር ተኝቼ ስሠራ።"

"ታዲያ ክሪኩ ከላይህ ምን ይሠራል? ክሪክ እኮ ከታች ነው።"

"ለዚህ ነው የመታኝ" አልኩት። ሳቀና አሳለፈን። ከቡሬ በእንጅባራ አድርጌ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በአውሮፕላን።

የገባሁበት አገር ከኤድመንተን በስተሰሜን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የግሽ ዓባይን ብርድ ብርድ ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ትንፋሽ ጢም ላይ ይረጋል፣ የመኪና በር እጀታ ቆዳ ይዞ ይቀራል። የእኛ በረዶ ወርዶ፣ ሰብል መትቶ፣ ገበሬ አስለቅሶ እዚያው ቀኑን ይቀልጣል፤ የዚህኛው ወርዶ ይቀመጣል። እነሱ ዊንተር ይሉታል፤ ክረምት ብዬ ልተረጉምላችሁ አልፈልግም፣ ክረምት ዝናብ ነው፣ እሸት ነው። ሽሮውን ጥሩዬ ትሠራዋለች፤ ግን በርበሬው ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ደክሞታል። ጎረቤት ሲያገኝህ ስለ አየሩ ይነግርህና ይሄዳል። አየሩን እኮ አንተም እያየኸው ነው።

ጥሩዬና አንሙት ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ለእኔ ምድር ቤቱን ሰጡኝ። የቤቱ ባለቤት ዋልተር የሚባል ሽማግሌ ነው። ከጓሮው አንድ ያረጀ ፎር ዊል ፒክ አፕ ቆሞ ሣር በቅሎበታል፤ እዚህ እንዲህ ያለውን ትራክ ነው የሚሉት። ሞቷል አለኝ። አልሞተም፣ ተኝቷል አልኩት፣ ጥሩዬ እያስተረጎመች። ከግቢዬ ካስወጣህልኝ ውሰደው አለ። ሞተሩን ፈትቼ ገጥሜ ሳስነሳው ዋልተር በፒጃማው ሮጦ ወጣ፤ መኪናውን እንደሚወደው ድንገት ትዝ ብሎታል።

"ውሰደው ብለሃል" አልኩት።

"ከግቢ ስታስወጣው ነው ያልኩት። ይኸው ገና ግቢ ውስጥ ነው።"

ማርሽ አስገብቼ አስፋልቱ ላይ አቆምኩትና ወረድኩ። "አሁንስ?" ብዙ ካጉረመረመ በኋላ ብርዱ እስኪያልፍ ግቢውን በረዶ ልጠርግለት ተስማምተን ታረቅን።

መንጃ ፈቃድ የፈተነችኝ ሴትዮ ደግሞ በየመታጠፊያው ጡሩምባ ስነፋ ጆሮዋን ያዘች። ለምን ትነፋለህ አለችኝ፤ ከብት ሊኖር ይችላል አልኳት። እዚህ ከብት የለም አለች። እሱን ከብቶቹ ካወቁት ጥሩ ነው አልኳት። ጣለችኝ። በሁለተኛው ጡሩምባውን ሳልነካ አለፍኩ፤ ሰባ ዓመት ተሻግሮ ያለፈ እኔ ብቻ ነኝ ይላሉ።

አሁን ወደ ጎማው። ጎማ ጎን ላይ 235/85R16 የሚል ታያላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ነው። የመጨረሻው ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች። ለትራኬ የመረጥኩት ይህን ነው፤ ጠባብና ቁመታም። አንሙት በአዲሱ ትራኩ ላይ የገጠመው ቁመቱ ሠላሳ አምስት ኢንች፣ ስፋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ቸርኬው ሃያ፤ ከመኪናው አካል ውጭ የወጣ፣ በርሜል የሚያህል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን ሰብስቦ "አያ ደምሌ፣ ይህን ከብስክሌት ላይ ነው የፈቱት?" ይለኛል። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

በሐምሌ ከማንኩሳ ወደ ገጠር የነዳ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጭቃው ከሥሩ ደረቅ መሬት ካለው ጠባብ ጎማ ቆርጦ ወርዶ መሬቱን ይነክሳል፤ ሰፊው ላይ ላዩን ይዋኛል። ጭቃው ሥር ከሌለው ደግሞ ጠባቡ እስከ ሆዱ ይቀበራል፤ ያን ጊዜ ሰፊውን ገጥሞ አየሩን መቀነስ ነው። በረዶም ያው ነው። ሰው ያልሄደበት ሜዳ ላይ፣ ጥልቅ በረዶ ለሚነዳ ሰፊ ይግጠም። ከሥሩ አስፋልት ላለው በረዶ ግን ጠባቡን ውሰዱ። ጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ይሁን፤ ያ ጎማ በብርድ አይደድርም። ከኋላ የአሸዋ ጆንያ ጫኑ። በአገራችን የተገኘውን ፊትና ኋላ ቀላቅለን እንገጥማለን። ፎር ዊል ላይ ይህን እንዳታደርጉ፤ አራቱም እኩል ካልሆኑ የፊቱና የኋላው እየተጓተቱ መኪናውን ያንሸራትቱታል። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

አንድ ጠዋት ጥሩዬ ቁርስ ስታቀርብልኝ ሻርፗ ተንሸራተተ። አንገቷ ላይ የበለዘ ምልክት አየሁ፤ በአንድ በኩል አራት፣ በሌላው አንድ። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። በረዶ ላይ ወድቄ ነው አለች።

"ጥሩዬ፣ በረዶ ጣት የለውም" አልኳት።

ሰሃኑን አንስታ ሄደች። የምተኛው በግራ ጎኔ ነበር፤ ደህናው ጆሮዬ ትራስ ውስጥ ይቀበራል። ለዚህ ነው ምንም ሳልሰማ የኖርኩት። ያን ማታ በቀኝ ጎኔ ተኛሁ። ሰማሁ። ድምፁ ጥፊ ብቻ አይደለም፤ ሰው ከቁምሳጥን ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ነው፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ።

በማግስቱ አንሙትን ጋራዥ ውስጥ ይዤ፣ ልጄን ሁለተኛ ብትነካ በገዛ እጄ እቀብርሃለሁ አልኩት። ጎማውን እየወለወለ ሰማኝ። ድምፁን እንኳ አላነሳም።

"አያ ደምሌ፣ እኔ አከብርዎታለሁ። እማማ ስንዱ ማን ቤት እንደሚያድሩ ግን አይርሱ። አንድ ስልክ ነው።"

ጥሩዬ የቻለችው ለካ ለዚህ ነው። ፖሊስ እንጥራ ስላት እጄን ያዘችኝ። ቤታችን አመድ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ያሉ ዘመዶቻችን ግማሹ ተሰዷል፣ ግማሹ ራሱ ተጠግቶ ነው ያለው። "ይታይሽ ልጄን አሳስራችሁ ብላ ብታስወጣት እማዬ በዚያ ተኩስ መሃል ወዴት ትሄዳለች?" አለችኝ። ያወጣሁትን ስልክ መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ስለዚህ መኪናዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከአሮጌ ዕቃ ቦታ በዚያው ጠባብ ልክ አራት እኩል ጎማ፣ ባለ ብረት ጥርስ፣ አወጣሁ። ጆንያውን ጫንኩ፣ አካፋና የመጎተቻ ገመድ ከመቀመጫው ኋላ አደረግኩ። አንሙት ከመስኮት እያየ ይስቃል፣ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎታል። ሥራ በሚሄድበት ቀን ጥሩዬን ይዤ ኤድመንተን፣ ሴቶችን ወደሚያስጠልሉ ሰዎች ልወስዳት ተስማማን። አገር ቤት ላሉት ምን እንደምንል ከዚያ በኋላ እናስባለን አልን።

የቆረጥነው ቀን ጠዋት በረዶው ጣለ። አንሙት የሥራው መንገድ ተዘግቶበት ተመለሰና ቦርሳዋን በሩ ሥር አገኘው። ደረጃውን ስወጣ ጸጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል። በክሪኩ እጀታ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ዞሮ ደረቴን ገፋኝ፣ ደረጃውን በጀርባዬ ወረድኩ። ሰባ ያለፈው ሌላ ሰው ቢሆን ተሸክመው ነበር የሚያነሱት፤ እኔ ተነሣሁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለኝ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬ ሚስትህ ሜዳ ላይ ታድራለች።"

ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ ጥሩዬ ምድጃው ላይ የሚንተከተከውን ሽሮ ከነድስቱ ደረቱ ላይ ደፋችበት። ጩኸቱን በሁለቱም ጆሮዬ የሰማሁት ይመስለኛል። ስልኩን አንስታ ከመስኮት ወረወረችው፤ ሮጠን ወጣን።

ከከተማው ስንወጣ ነፋሱ በረዶውን እየዘገነ መንገዱን ያለብሰዋል። ጎማዬ ቆርጦ ወርዶ አስፋልቱን ሲነክሰው በመሪው ይሰማኛል። ብዙ ሳንሄድ የአንሙት መብራት መስታወቴን ሞላው። ከኋላ ገጨን። ጥሩዬ ጭንቅላቷን በእጆቿ ሸፈነች። ደገመን። መታጠፊያው ላይ ሊቀድመኝ ወጣ፤ ያ በርሜል የሚያህል ጎማ ያልተነካውን በረዶ ረገጠና ተንሳፈፈ። እኔ ፍሬን ሳልነካ በማርሽ ይዤ መሪውን ቀጥ አደረግኩ። እሱ በጎን እየሄደ ፊታችንን አቋርጦ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ተገለበጠ፣ ጎማዎቹ ሰማይ ላይ እየተሽከረከሩ ቀሩ።

በእኛ መንገድ ሹፌር የተገለበጠ መኪና አልፎ አይሄድም። የገዛ ጠላቱም ቢሆን ይቆማል፤ አውጥቶ ከዚያ ይጣላዋል። አልፎ የሄደ ሹፌር ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቡሬ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጭቃ ቢውጠው ገመድ የሚወረውርለት አይኖርም። ማርሽ ቀነስኩ።

"አባዬ፣ አይቁሙ" አለች ጥሩዬ። ከግንባሯ የሚወርደው ደም ቅንድቧ ላይ ረግቷል።

"ሰውየው ውስጡ ነው።"

"እኔስ? ያን ሁሉ ጊዜ እኔ የት ውስጥ ነበርኩ?"

መኪናውን አቆምኩ። "መሪው ላይ ተቀመጪ" አልኳት። "ሞተሩ አይጥፋ። ከነካኝ ጥለሽኝ ሂጂ።" ወረድኩ።

መስታወቱን በአካፋ ሰብሬ፣ ቀበቶውን ቆርጬ፣ በኮሌታው ጎትቼ አወጣሁት። ቆመ፣ ትንሽ ተንገዳገደ፤ እጁ ላይ የጎማ መፍቻ እንደያዘ ያየሁት የእጄ አንጓ ላይ ሲያርፍ ነው። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት፣ እንደ ደረቅ እንጨት። በደህናው እጄ አካፋውን ጉልበቱ ላይ አወረድኩት። ወደቀ። ሁለተኛ ልመታው አንስቼ ነበር፤ ለምን እንዳልመታሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጎተቻው ገመድ፣ በአንድ እጄና በጥርሴ እየሳብኩ፣ እጁን አሰርኩት።

ግን ከዚያ ወዴት ይደረጋል? በዚያ ብርድ ውጭ የተተወ ሰው ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ወደ ጋቢናው አስገባሁት። ጥሩዬ መሪው ላይ፣ እኔ መሃል፣ እሱ በር ጋ፤ ጥሩዬ በራሷ ስልክ ደውላ ነበርና ሦስታችንም በአንድ ማሞቂያ እየሞቅን ፖሊስ ጠበቅን። ሸሚዙ ላይ ያለው ሽሮ ይሸታል። በኋላ አንሙት ማልቀስ ጀመረ።

"አያ ደምሌ፣ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ።"

ጥሩዬ ሳቀች። ካናዳ ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግሜ መስማት አልፈልግም። "ሊደውል የነበረው አንተ አይደለህም እንዴ?" አለችው።

ፖሊሱ መጥቶ በመስኮት ሲያየን፣ አንድ የታሰረ፣ አንድ እጁ የተሰበረ፣ አንዲት ደም የለበሰች ሴት፣ ማነው የደወለው አለ። እሷ ናት። ማነው ያሰረው? እኔ ነኝ። ማነው የመታህ? እሱ ነው። ታዲያ ለምን ታሞቀዋለህ? የተገለበጠ መኪና አይታለፍም በይው፣ ጥሩዬ አስተርጉሚ አልኳት፤ ይህ አይተረጎምም አለች። አንሙትን ጭኖ ሊሄድ ሲል የራሱ መኪና በረዶ ውስጥ ተሰነቀረ። በአንድ እጄ ነድቼ ጎትቼ አወጣሁት፤ ጎማዬን ጎንበስ ብሎ አይቶ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

አሁን ኤድመንተን ነን፤ እጄ ጀሶ ውስጥ ነው፣ አንሙት እስር ቤት ነው። ለማንኩሳ ምን እንደምንል ሳንወስን ቀናት አለፉ። እዚያ ኔትወርክ እንደ ፀሐይ ግርዶሽ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፣ ይታይሽ ነበረች። ልጇ ስልክ እንደማያነሳ ነገረችኝ። መስመሩ በበረዶ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ስለ በረዶው ማውራት ጀመርኩ፣ ስለ ጥልቀቱ፣ ስለ ነፋሱ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አያ ደምሌ፣ ስለ በረዶው አልጠየቅሁዎትም" አለች። "ይመታት ነበር?"

ጥሩዬን አየኋት። ስልኩ ድምፁ ክፍት ነበርና ሰምታለች። ንገራት በሚል ራሷን ነቀነቀች።

"አዎ" አልኩ።

"ኸመቼ ጀምሮ?"

"ከቆየ።"

"አሁን የት ነው?"

"ታስሯል፣ እታለም።"

"ማን አሳሰረው?"

ጥሩዬ ልትናገር ስትል እጄን አነሳሁ። "እኔ" አልኩ።

በዚያኛው በኩል ትንፋሿ ይሰማኛል። ከሩቅ ተኩስ ተሰማ፣ ተከታትሎ፣ ከዚያ ቆመ።

"ስንዱ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች" አለች ይታይሽ በመጨረሻ። ድምፅዋ ተናዶ ይሁን አዝኖ መለየት አቃተኝ፤ አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለኝ። "ስትመለስ..." አለች፣ መስመሩም ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ስደውል የምትመልስልኝ የተቀዳች ሴትዮ ናት፤ የደወልኩላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት እንደማልችል በትሕትና ትነግረኛለች። ስትመለስ ምን? በሬን እዘጋባታለሁ ልትል ነበር ወይስ ራሴ እነግራታለሁ? ጥሩዬ እንዲህ አትልም፣ ይታይሽ እንዲህ ያለች ሴት አይደለችም ትለኛለች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ ትቆማለች።

ይህን የጻፍኩበት ሌላው ምክንያቴ ይኸውላችሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የምትነዱ፣ ማንኩሳ ስትደርሱ ጎማችሁን የምታዩ መስላችሁ ቁሙልኝ። ይታይሽ ቤት የቱ ነው ብትሉ ያሳዩዋችኋል። ሁለት ሴቶች ደጅ ላይ ካያችሁ ምንም አትበሉ፣ መንገዳችሁን ሂዱ። ይታይሽን ብቻዋን ካገኛችኋት ግን ውረዱና ስንዱ በየት በኩል እንደሄደች ጠይቁልኝ።